ሦስት ትውልድ በአንድ ገጽ፦ የቤተሰብ ንድፍ እንዴት ይሳላል፣ እንዴትስ ይነበባል?

እንቆቅልሽ የሚመስል ነገር ላስቀድም። አንድ ሕፃን ተወለደ፤ በተወለደበት ቀን አጎት ነበር። የወንድሙ ልጅ በዕድሜ ይበልጠዋል። ከአባቱ የቀድሞ ትዳር የተወለደው ታላቅ ወንድሙ ደግሞ የሕፃኑን እናት በሁለት ዓመት ይበልጣታል። አባትየው 40 ዓመቱ፣ እናትየው 20 ዓመቷ ነው። አባትየው ይህን ልጅ ሲያቅፍ አስቀድሞ አያት ሆኗል።

ማን የማን ምን እንደሆነ ለመያዝ ተመልሰው ያነበቡ ይኖራሉ። እርሳስና ወረቀት ሲቀርብ ግን ነገሩ ደቂቃ አይፈጅም። ሕፃኑ በ1856 እ.ኤ.አ. የተወለደው፣ በኋላ የሥነ ልቦና ትንተና (ሳይኮአናሊሲስ) መሥራች የሆነው ሲግመንድ ፍሮይድ ነው (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በሥዕሉ ላይ ዓመታቱን ስንጨምርበት ደግሞ በዝምድናው ግርምት ተሸፍኖ የነበረ ሌላ ነገር ብቅ ይላል። በ1857 ታናሽ ወንድም ተወለደ፤ በ1858 ያ ሕፃን ሞተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ እህት መጣች፤ በ1859 ቤተሰቡ የሚኖርበትን ከተማ ለቀቀ፤ በዚያው ሰሞን ታላላቆቹ ወንድሞች የጨዋታ ጓደኛው የነበረውን የወንድም ልጅ ይዘው ወደ እንግሊዝ ተሻገሩ። ይህ ሁሉ የደረሰው ልጁ አምስት ዓመት ሳይሞላው ነው። በተለያየ ገጽ ተበታትኖ ሲነበብ እያንዳንዱ ተራ የሕይወት ታሪክ ቁራጭ ነው። አንድ ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን የአንድ ትንሽ ልጅ ዓለም እንዴት ደጋግሞ እንደተናጠ ይታያል።

ይህ ዓይነቱ ሥዕል በሙያው ቋንቋ ጂኖግራም ይባላል። እኔ የቤተሰብ ንድፍ እያልኩ እቀጥላለሁ። የዘር ሐረግ የሥጋ ዘመዱ ቢሆንም አንድ አይደሉም። የዘር ሐረግ ማን ማንን ወለደ ብሎ ያበቃል፤ በረዘመ ቁጥር ባለቤቱ ይኮራበታል። የቤተሰብ ንድፍ ከሦስት ወይም ከአራት ትውልድ በላይ እምብዛም አይወጣም። ወደ ጥንት ከመውጣት ይልቅ ወደ ጎን ይሰፋል፦ ማን ከማን ጋር ኖረ፣ ማን ከማን ተኳረፈ፣ ማን በስንት ዓመቱ ሞተ፣ ያን ጊዜ በቤቱ እነማን ነበሩ፣ ከዚያ በኋላስ ምን ተከተለ።

ሐሳቡን ካስፋፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም መሪ ቦወን (1913–1990) ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ ቤተዝዳ በሚገኘው የአሜሪካ ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ተቋም ሲሠራ በጊዜው ያልተለመደ ነገር አደረገ። የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማንን ብቻ ሳይሆን እናት አባታቸውንና እህት ወንድሞቻቸውን ጭምር ሆስፒታል አስገብቶ አብረው ሲኖሩ ተመለከተ። እናት ስትቀርብ አባት ሲርቅ፣ አንዱ ሲበረታ ሌላው ሲደክም አየ። የአንድን ሰው ጠባይ ከቤተሰቡ ነጥሎ መረዳት እንደማይቻል ያመነው ከዚያ በኋላ ነው። በ1967 ፊላደልፊያ ውስጥ በተካሄደ የባለሙያዎች ጉባኤ ላይም የተለመደውን ዓይነት ጥናት ማቅረቡን ትቶ ስለ ራሱ ወላጆችና ስለ እህት ወንድሞቹ ተናገረ። ንግግሩ በ1972 ሲታተም የቤተሰቡን ገመና ለመጠበቅ የጸሐፊው ስም አልተገለጸም ነበር። ወረቀቱ ላይ የሚሰፍሩት ሰዎች የሚያነቡ ዓይኖች እንዳሏቸው ያኔም ይታወቅ ነበር፤ ወደዚህ ነጥብ እመለስበታለሁ።

የሥዕሉ ምልክቶች ለረጅም ጊዜ ከባለሙያ ባለሙያ ይለያዩ ነበር። ወጥ እንዲሆኑ ትልቅ ድርሻ የነበረው ሞኒካ ማክጎልድሪክና ራንዲ ጌርሰን በ1985 ያሳተሙት ሥራ ነው።

አሳሳሉ

ምልክቶቹን ለማወቅ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ወንድ በአራት ማዕዘን፣ ሴት በክብ ይወከላሉ። ንድፉ የሚሳልለት ሰው ምልክት ጠርዙ ድርብ ይሆናል። የሞተ ሰው ምልክት ላይ ሁለት ጭረት ተጠላልፎ ይሰመርበታል፤ ዕድሜው በመካከሉ፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት በላዩ ይጻፋል። ባልና ሚስት በአግድም መስመር ይያያዛሉ፤ ባል በግራ፣ ሚስት በቀኝ። በመስመሩ ላይ አንድ ያዘመመ ጭረት መለያየትን፣ ሁለት ጭረት ፍቺን ያሳያል። ሳይጋቡ አብረው የኖሩ በተቆራረጠ መስመር ይገናኛሉ። ልጆች ከወላጆቻቸው መስመር ይንጠለጠላሉ፤ ታላቅ በግራ፣ ታናሽ በቀኝ። መንትዮች ከአንድ ነጥብ ይወርዳሉ። ገና ያልተወለደ ፅንስ ሦስት ማዕዘን ነው።

አንድ ጣሪያ ሥር የሚኖሩትን ሰዎች በተቆራረጠ መስመር መክበብም ይቻላል። ይህ ትንሽ የሚመስል ምልክት ብዙ ይናገራል። አያቷ ያሳደገቻት ልጅ በሥዕሉ ላይ የምትንጠለጠለው ከእናትና ከአባቷ ነው፤ ክበቡ ግን እሷንና አያቷን ይዞ ሌላ ቦታ ያድራል።

ቀጥሎ የግንኙነት መስመሮች አሉ። ሁለት ትይዩ መስመር ቅርበት ነው፤ ሦስት ሲሆን አንዱ ያለ ሌላው መተንፈስ እስኪያቅተው የደረሰ መጣበቅ ነው። ነጠብጣብ መራራቅን፣ የመጋዝ ጥርስ የመሰለው ጠብን፣ መካከሉ የተበጠሰው ፈጽሞ መቆራረጥን ያሳያል።

የጀማሪ እጅ ሁልጊዜ ወደ መጋዝ ጥርሱ ይሮጣል። ቁጭት ያለበት ቦታ እሱ ስለሆነ አይገርምም። የእኔ ምክር ግን የግንኙነት መስመሮቹን በመጀመሪያው ቀን ጨርሶ አይሳሏቸው የሚል ነው። ስለ ጠቡ የምናውቀው ከአንድ ወገን ነው፤ ብዙውን ጊዜም ካሳደገን ወገን። የሞት፣ የጋብቻ፣ የመሰደድ፣ ሥራ የማጣት ዓመት ግን ማንም ቢናገረው ያው ነው። ዓመታቱ ቀድመው ከሰፈሩ ጠቡ የት ላይ እንደወደቀ በኋላ ራሱ ይታያል።

ዓመት ሲሰበሰብ ሁለት ነገር ያስቸግራል። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ካሌንደር ከተጻፈ በመካከሉ የሰባትና የስምንት ዓመት ስሕተት ይገባና ያልነበረ መገጣጠም ይወለዳል። ሁለተኛው የዝምድና ቃል ነው። አጎት ስንል የእናትም የአባትም ወንድም ሊሆን ይችላል። ወንድሜ የሚባል ሰውም አንዳንዴ የአክስት ልጅ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ በእናት ነው ወይስ በአባት፣ በሥጋ ነው ወይስ በማሳደግ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። የሚጠየቀው ሰው ይህን ጥያቄ ሰምቶ ዝም ካለም ዝምታው ራሱ መልስ ነው፤ በእርሳስ የጥያቄ ምልክት አድርጎ ማለፍ ነው።

የመጋዝ ጥርሱና የቀብሩ ዓመት

እንዴት እንደሚነበብ በምሳሌ ላሳይ። ቤተሰቡ የፈጠርኩት ነው።

በ1987 የተወለደች ሴት ከአንድ ታናሽ ወንድሟ ጋር ከ2021 ጀምሮ አትነጋገርም። ዘመድ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ እናንተ ቂመኞች ናችሁ፣ በደማችሁ ያለ ነው። ሴትዮዋ ንድፉን ስትስል አባባሉ ትክክል ይመስላል። እናቷ ከእህቷ ጋር ከ1996 ጀምሮ ተቆራርጣለች። የእናቷ አባት ከወንድሙ ጋር ከ1963 ጀምሮ ሳይነጋገር ሞቷል። ሦስት ትውልድ፣ ሦስት የተበጠሰ መስመር፣ ሦስቱም በእህትማማችና በወንድማማች መካከል። እዚህ ላይ ያቆመ ሰው ቂም ይወረሳል ብሎ ወረቀቱን ያጥፋል።

እሷ ግን የሞት ዓመታቱን ጨመረች። እናቷ የሞተችው በ2020 ነው። ሚስቱን ቀድሞ የቀበረው አያቷ የሞተው በ1995 ነው። የአያቷ እናት፣ እሷም ባሏን ቀድማ የቀበረች፣ የሞተችው በ1962 ነው። ሦስቱም መቆራረጥ የመጣው በሕይወት የቀረው የመጨረሻው ወላጅ በሞተ በዓመቱ ነው።

አሁን ጥያቄው ተለወጠ። ቀድሞ ምን ዓይነት ሰዎች ነን የሚል ነበር፤ መልሱም ስድብ ነበር። አሁን ወላጅ ሲሞት በዚህ ቤት ምን ይሆናል የሚል ሆኗል። ቦወን «ሦስት ማዕዘን» ብሎ የጠራው ሐሳብ የሚጠቅመው እዚህ ጋ ነው። ሁለት ሰዎች መካከል ውጥረት ሲበዛ ሦስተኛ ሰው ይሳባል፤ አንዱ ለእሱ ይናገራል፣ እሱ ለሌላው ያደርሳል፣ ውጥረቱ ይተነፍሳል። እህትና ወንድም በቀጥታ ሳይነጋገሩ ሠላሳ ዓመት በፍቅር ሊኖሩ ይችላሉ፤ እናት በመካከል ሆና የዚያን ለዚህ፣ የዚህን ለዚያ እያለዘበች ታደርሳለችና። እናት ስትሞት የቀሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው። ገላጋይ የለም፤ በቀጥታ የመነጋገር ልምድም የለም። በዚያ ላይ የሚከፈል ዕዳ፣ የሚካፈሉት ዕቃ፣ ማን አስታመመ ማን አላስታመመ የሚል ቁስል አለ። ጠቡ በዕቃው የመጣ ይመስላቸዋል።

በዚህ መንገድ የሚነበቡ ሌሎች ነገሮችም አሉ። አባቱ በ42 ዓመቱ የሞተበት ሰው እሱም 42 ሲደርስ ያለ በቂ ምክንያት ሊታወክ ይችላል። እናት ከቤት የወጣችበት ዕድሜ ላይ የደረሰች ሴት ልጅ፣ አባቷ በድንገት ጥብቅ ሊሆንባት ይችላል፤ እሱም ለምን እንደሆነ አያውቀው ይሆናል። ወንድሙ በተቀበረ በወሩ የተወለደ ልጅ የሟቹን ስም፣ ከስሙም ጋር የሟቹን ተስፋ ተሸክሞ ያድግ ይሆናል። ይሆናል ማለቴን ልብ ይሏል።

ደምና ልማድ

ሐኪሞች ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ሌላ ሥዕል አላቸው፤ ሕመም በቤተሰብ ውስጥ እንዴት እንደሚተላለፍ የሚከታተሉበት። ክቡና አራት ማዕዘኑ ያው ነው፤ የታመመው ሰው ምልክት በቀለም ይሞላል። ዝነኛው ምሳሌ የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ (1819–1901) ቤተሰብ ነው። ከዘጠኝ ልጆቿ ስምንተኛው ሊዮፖልድ ደም ያለመርጋት ሕመም፣ ማለትም ሄሞፊሊያ ነበረበት፤ በ1884 ወድቆ በ30 ዓመቱ ሞተ። ሁለቱ እህቶቹ አሊስና ቢያትሪስ ጤነኞች ነበሩ፤ ሕመሙ ግን በእነሱ በኩል አልፎ ወደ ሩሲያና ወደ ስፔን ቤተ መንግሥቶች ገባ። የሩሲያው አልጋ ወራሽ አሌክሲ የአሊስ የልጅ ልጅ ነው። በሥዕሉ ላይ የተሞሉት አራት ማዕዘኖች ብቻ ናቸው፤ መስመሩ ግን የሚያልፈው ባልተሞሉ ክቦች በኩል ነው። ጉድለቱ ያለው ኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ሁለት ስላላት አንዱ ሌላውን ይሸፍናል፤ ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው። በ2009 ከሩሲያው ንጉሣዊ ቤተሰብ አፅም ላይ የተደረገ የዘረ መል ምርመራ ሕመሙ ሄሞፊሊያ ቢ የሚባለው ዓይነት መሆኑን አረጋግጧል።

ወረቀት ላይ የተሳለ ቤተሰብ ለሳይንስ ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት ደግሞ ቬኔዙዌላ ማራካይቦ ሐይቅ ዳርቻ መሄድ ነው። እንቅስቃሴንና አእምሮን ቀስ በቀስ በሚያዳክመው የሀንቲንግተን ሕመም እናቷን ያጣችው ተመራማሪ ናንሲ ዌክስለርና ባልደረቦቿ ከ1979 ጀምረው በዚያ አካባቢ ከ18,000 በላይ ሰዎችን የያዘ የቤተሰብ ሥዕል አዘጋጁ። በሥዕሉና በደም ናሙናዎቹ እየተመሩ ተመራማሪዎች የዘረ መሉን አካባቢ በ1983 ለዩት፤ ራሱን ዘረ መሉን በ1993 አገኙት። ሀንቲንግተን ካለበት ወላጅ የሚወለድ እያንዳንዱ ልጅ ሕመሙን የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው።

ይህን ያመጣሁት ልዩነቱን ለማሳየት ነው። ዘረ መል የራሱ ሕግ አለው፤ ዕድሉ በቁጥር ይሰላል። መኳረፍ፣ መጠጥ ላይ መውደቅ፣ ልጅን አለማቀፍ እንዲህ አይሰሉም። በመጠጥ ረገድ እንኳ ውርስ ድርሻ ቢኖረውም ከአካባቢ፣ ከኑሮና ከአጋጣሚ ጋር ተጠላልፎ ነው የሚሠራው። ሁለቱ ሥዕሎች በመልክ መመሳሰላቸው አደጋ አለው፤ የሁለተኛውን እርግጠኝነት ለመጀመሪያው እናበድረዋለን። በደማችሁ ያለ ነው የሚለው ፍርድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በሙያው ውስጥም ይህ ስሕተት ተፈጽሟል። ከቦወን ሐሳቦች አንዱ የልደት ቅደም ተከተል ጠባይን ይቀርጻል የሚለው ነው፤ ታላቅ ኃላፊ፣ ታናሽ ቀበጥ። ብዙ የቤተሰብ ንድፍ የሚነበበውም በዚህ መነጽር ነው። በ2015 ግን ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ታተሙ፤ አንደኛው ብቻ 377,000 ገደማ አሜሪካውያን ተማሪዎችን ያካተተ ነው። የልደት ተራ በጠባይ ላይ ያለው ተፅዕኖ እዚህ ግባ የማይባል ሆኖ ተገኘ። በአንድ ቤት ውስጥ ታላቋ ኃላፊነት ተሸክማ ይሆናል፤ ያንን ንድፉ ሊያሳይ ይችላል። ታላቅ ስለሆነች ግን መሸከም ነበረባት ብሎ መናገር ሌላ ነገር ነው።

አርባ ሰው ያለበት ወረቀት ላይ የሚፈልግ ሰው የሚፈልገውን ያገኛል። ከአርባ ሰዎች የልደት፣ የጋብቻና የሞት ዓመታት መካከል ጥቂቶቹ በአጋጣሚ መገጣጠማቸው አይቀርም። ስለዚህ አንድ ድግግሞሽ ሲታይ የማይስማማውንም መፈለግ ደግ ነው፦ ወላጃቸው ሞቶ ያልተጣሉ እህትማማቾች በዚሁ ቤተሰብ የሉም? ካሉ እነሱ ምን ነበራቸው? እኔ ከድግግሞሹ ይልቅ ድግግሞሹን የሰበረው ሰው ላይ ብዙ ብንቆይ እመርጣለሁ። ስለ ሰካራሙ አጎት ሁሉም ያወራል፤ በዚያው ቤት አድጎ ጠርሙስ ስላልነካው ወንድሙ ግን የሚጠይቅ የለም።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። መቆራረጥ ሁሉ ሕመም አይደለም። ከሚደበድባት አባት የራቀች ልጅ የተበጠሰው መስመር በሯ ነው፤ ንድፉ ላይ ስላስቀየመ ብቻ ታረቂ ማለት ነውር ነው። ወረቀቱ ደግሞ የሌሎችን ምስጢር ይይዛል፦ የማደጎ ልጅ መሆኑን ያልተነገረው ሰው፣ ራሱን ያጠፋ ዘመድ፣ አባቱ ሌላ የሆነ ልጅ። ቦወን ጽሑፉን ያለ ስም ያሳተመበት ምክንያት ዛሬም አለ። ንድፉ ግድግዳ ላይ አይሰቀልም፣ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ለዘመድ ሁሉ አይላክም። ከባድ ነገር የሚያወጣ ከሆነም ከባለሙያ ጋር ቢሠራ ይሻላል።

ለሐኪም የሚሆነውን ክፍል ግን መደበቅ አያስፈልግም። ማን በምን ታመመ የሚለው ብቻ አይበቃም፤ በስንት ዓመቱ ጀመረው የሚለው ይጻፍ። የጡት ወይም የአንጀት ካንሰር ከ50 ዓመት በፊት የያዘው የቅርብ ዘመድ ካለ ሐኪሙ ምርመራውን ቀደም ብሎ እንዲጀመር ሊያዝዝ ይችላል።

የአክስት እርሳስ

ወደ ሴትዮዋ ልመለስ። ሥዕሏ አምሮላታል፤ ሦስት ሞት፣ ሦስት መቆራረጥ። በሕይወት ያለችው ብቸኛዋ ምስክር እናቷን ለ24 ዓመት ያላነጋገረችው አክስቷ ናት። ሄደች። ለምን ተጣላችሁ ብላ አልጀመረችም፤ ወረቀቱን ዘርግታ፣ ዓመቶቹን በትክክል ጽፌ እንደሆነ ይዩልኝ አለች። ለአዛውንት ሰው ይህ ከሁሉ የቀለለ ጥያቄ ነው። ተከሳሽ አያደርግም፤ አዋቂ ያደርጋል።

አክስትየዋ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየችው። የአያትን የልደት ዓመት በሁለት ዓመት አስተካከለች። ከዚያ እርሳሱን ከልጅቷ እጅ ወስዳ በእሷና በእህቷ ክቦች መካከል፣ ባዶው ቦታ ላይ፣ ትንሽ አራት ማዕዘን ሳለች። 1956 ብላ ጻፈች፤ ቀጥላ 1962። በላዩም ሁለቱን ጭረቶች አጠላለፈችበት።

«ወንድማችን ነው» አለች። «እናትሽ ሦስት ዓመቷ ነበር፣ አታስታውሰውም። እኔ ዘጠኝ ነበርኩ። አባታችን ወንድሙን ልኮበት ነበር፤ ለቀብሩ አልመጣም።»

ሴትዮዋ ወረቀቱን አየችው። የ1962ቱ ሞት አንድ መስሏት ነበር፤ ሁለት ነው። የ1963ቱ መስመር በአያቷ እናት ሞት ይሁን በዚህ ልጅ ቀብር፣ ወይስ በሁለቱም፣ አሁን መናገር አትችልም። ላጲሷን አወጣች፤ ከመስመሩ አጠገብ ጽፋው የነበረውን ምክንያት አጠፋች፤ በቦታው የጥያቄ ምልክት አስቀመጠች። ከዚያ የልጁን ስም ጠየቀች።